ባንክ ትግባ ከማለታቸው በፊት

እስቲ ጠጋ በይ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሪው። ይሄን የመጀመሪያውን አንቀጽ አጥፊው። «በታታሪነትና በቅንነት ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን ለማበርከት» የሚል ሲቪ ስንቱ እኛ ቢሮ እንደሚመጣ ብታዪ ትስቂያለሽ። ከሥር ደግሞ ፒችትሪ እችላለሁ ብለሻል። ምኑን? የአንድ ወር ሽያጭ አስገብተሽ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን ሠርተሽ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈልገሽ አግኝተሽ ታውቂያለሽ? ካወቅሽ እሱን ጻፊ። ካላወቅሽ ዝም በይ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያፋጥጡሽ በዚያው ነው።

ለነገሩ የመጣሁት ለሲቪው አይደለም። እማዬ ትናንት ቡና ላይ «ባንክ ትግባና እንረፍ» ስትል አንቺም ራስሽን ስትነቀንቂ አይቼሻለሁ። ባንክ መጥፎ ነው አልልሽም። ግን ማስታወቂያው በወጣ ቁጥር አዳራሽ ሙሉ ተመራቂ ነው የሚፈተነው፤ ከገባሽም መጀመሪያ የምትመደቢው መስኮት ላይ ሊሆን ይችላል። አካውንቲንግ ተምረሽ ሁለት ዓመት ብር ስትቆጥሪ አንድም ሒሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትዘጊ ሊያልፍ ነው። ለእማዬ ይሄን አትንገሪያት፣ እኔ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ።

አሁን ካሌንደሩን ልብ በይልኝ። የብዙው ድርጅት የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። እነዚህ ደረጃ «ሀ» የሚባሉት ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ሒሳባቸውን ዘግተው ግብራቸውን ማሳወቅ አለባቸው። በእነዚህ አራት ወራት የሒሳብና የኦዲት ቢሮ ሰው እንቅልፍ የለውም። አንቺ ጋውን የምታወልቂው ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ጓደኞችሽ «መስከረም ይጥባና እናስብበታለን» ብለው ይበታተናሉ፤ ቢሮዎቹ ወረቀት የሚለይላቸው ሰው አጥተው ይጨነቃሉ። እንደዚህ የተገጣጠመ ነገር በሌላ ሙያ አይገኝም፣ አንቺ ግን እንደ ዕረፍት ወር ነው ያሰብሽው።

እንዲህ ያለ ቢሮ ብትገቢ ምን ትሠሪያለሽ? አንዱ ነጋዴ የዓመቱን ደረሰኝ በማዳበሪያ ሞልቶ ያመጣልሻል። ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፊዋለሽ። የካሽ ሬጅስተሩ ወረቀት ሙቀት ነው የሚያትመው፣ ሲቆይ ይደበዝዛል፤ ገሚሱን መስኮት ላይ አንስተሽ በብርሃን ካላየሽው ቁጥሩ አይነበብም። ሊጠፋ የደረሰውን ቶሎ ፎቶ ኮፒ ታደርጊያለሽ። በየወሩ ትለያለሽ፣ ከዜድ ሪፖርቱ ጋር ታስተያያለሽ፣ 15 በመቶዋን ቫት ከዋጋው ትነጥያለሽ። ከዚያ ሰውዬው «ይሄን ያህል ብር ለዕቃ አውጥቻለሁ» ይልሻል፣ ደረሰኝ ግን የለውም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ቢሮ ሲደርስ እንዳልወጣ ነው የሚታየው። እሱ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ሲቆጣ ረጋ ብለሽ ማስረዳት አለብሽ። አራት ዓመት ዲቢት ክሬዲት ስትዪ ይሄን ማንም አላስተማረሽም።

ክፍያው ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። የትራንስፖርት ብቻ የሚሉም አሉ። ሐምሌና ነሐሴን ቤት ስላለሽ ትችይዋለሽ፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ግን ያለ ውል አትቀመጪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ጡረታ ከአንቺ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ከራሱ ያስገባል። አካውንታንት ሆነሽ የራስሽን ፔሮል ሳታነቢ ብትፈርሚ እኔ ነኝ የማፍረው። ለምዝገባ ብር ላኪ የሚል የቴሌግራም ቀጣሪ ካጋጠመሽ ዝጊው። ኦርጅናል ማስረጃሽንም ማንም ጋ አታስይዢ፣ ኮፒ ይበቃቸዋል።

ቢሮ ስትመርጪ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ የሠራሁትን ማን ያየዋል? ፋይልሽን ገልጣ፣ በእስክርቢቶ አክብባ፣ «ይሄ ከየት መጣ?» ብላ የምትመልስልሽ ሲኒየር ካለች እዚያ ግቢ። የሚያይ ሰው ከሌለ ደመወዙ ቢያምርም ስህተትሽን እየደገምሽ ነው የምታረጂው። እኔ በዚህ ጉዳይ ድርድር የለኝም።

ስለ ኤሲሲኤ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። 13 ፈተና ነው፣ ዲግሪሽ ጥቂቱን ሊያስቀንስልሽ ይችላል፤ በዚያ ላይ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ክፍያው በፓውንድ ነው፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ በብር ሲመታ ያስደነግጣል። ስለዚህ አሁን አትዝለይበት፤ መጀመሪያ ልምዱን ቁጠሪ፣ ስትሠሪ ገንዘቡም ይጠራቀማል። ማስተርሱንም እንደዚያው አቆይው። ግን ከአሁኑ አይኤፍአርኤስን በደንብ ያዢ። አዋጅ 847/2006 ከወጣ ጀምሮ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በእሱ እንዲያዘጋጁ ተደርጓል፤ ጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ መጀመሪያ ተመዝግቧል። ለመመዝገብ ተራው የደረሰው ሁሉ በወጉ የተመረመረ ሒሳብ ይፈለግበታል። ኦዲት ላይ ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ያን ጊዜ ባንክም፣ ኤንጂኦም፣ ካፒታል ገበያም ቢል መራጩ ራሱ ነው። እማዬ የምትወደው ባንክም ያኔ የሚወስድሽ ለመስኮቱ አይሆንም።

ይሄ ሁሉ መውጫ ፈተናውን ካለፍሽ ነው፣ ከ50 በታች ከሆነ ዲግሪ የለም፤ ስለዚህ እስከዚያ ሥራ ፍለጋ የሚባል ነገር አልሰማም። ከፈተናው በኋላ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒሽን ሳትይዢ ግቢውን ለቀሽ እንዳትወጪ፣ ለአንድ ወረቀት ብለሽ ትመላለሻለሽ። የወጪ መጋራቱን ዕዳ ሥራ ስትይዢ ነው የምትከፍዪው፣ ስንት እንደሆነ ግን ከሬጅስትራር አረጋግጪ።

ከዚያ ሦስት ቢሮ በእግርሽ ሂጂ። ኢሜይል አትመኚ፤ ሥራ በሚበዛበት ወር ማንም አይከፍተውም። አንደኛው ውስጥ አብራኝ የሠራች ልጅ አለች፣ እደውልላታለሁ፤ የምትሄጂበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ። ረቡዕ ጠዋት አይሁን፣ ስብሰባ አላቸው።