ሰርቨር የግዕዝን ፊደል የሚጠብቅበት ሥርዐት

ሰርቨር ማለት በትርጓሜው አገልጋይ ማለት ነው፤ ይኸውም ጽሑፍንና ሥዕልን አኑሮ ጠያቂ ሲመጣ የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ በምሥራቃዊው አውራጃ ያለችው ደማም ቀድሞ ስሟ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1938 ነዳጅ ዘይት በብዛት ባፈለቀው በ7ኛው ጕድጓድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጉግል የተባለው ኩባንያ ሰርቨሮቹን የሚያከራይበት አንድ ማዕከል በዚያ ከፍቷል። እንግዲህ በደማምና በጎረቤቷ በአል ኾበር ለሥራ ተቀምጠው በስልካቸው አማርኛ ለሚያነቡ ኢትዮጵያውያን ከአጠገባቸው ሰርቨር መከራየት ይቻላል። ነገር ግን ቅርበት ጽሑፉን ያፋጥነዋል እንጂ ፊደሉን አያድነውም።

ኮምፒዩተር ፊደልን በቍጥር እንጂ በመልኩ አያውቀውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ገባ። ያን ጊዜ የገባው እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ቍጥር ይይዛል፤ «ሰ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 176 ነው። ስልኩ እነዚህን በላቲን ስሌት ቢያነባቸው በ«ሰ» ፈንታ ጭረት የተጫነበት የላቲን ፊደል፣ የቆብ ምልክትና ትንሽ ክብ ያወጣል። የአል ኾበሩ አንባቢም ስልኬ ተበላሸ ይላል፤ ስልኩ ግን የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ያዘዘው ማን ነው ቢሉ ሰርቨሩ ነው። ሰርቨር ገጹን ከመላኩ አስቀድሞ ራስጌ የሚባል ቃል ይልካል፤ ይህም በደብዳቤ ፖስታ ላይ እንደሚጻፈው ያለ ነው። ገጹ በውስጡ ዩቲኤፍ 8 ነኝ ቢል፣ ራስጌው ግን ላቲን ነው ቢል፣ የሚታመነው ራስጌው ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ገጹን ሲያርም ውሎ ያድራል፤ ድካሙ ሁሉ በከንቱ ነው።

መድኀኒቱ በመቈጣጠሪያ ሰሌዳው ይገኛል። ሲፓነል በሚባለው ሰሌዳ የፋይል ማኅደሩን ይከፍቷል፤ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ ያዟል፤ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው «ኤችቲአክሰስ» በተባለው ፋይል «አድ ዲፎልት ቻርሴት ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት አጋጥሞ ይጽፏል። ይህ አፓቼ ለተባለው ሰርቨር ነው። በፒኤችፒ የሚሠሩ ገጾች የራሳቸው ትእዛዝ አላቸው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በወጡት እትሞች ካልለወጡት በቀር ዩቲኤፍ 8 ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ አለ። ራስጌው ቢሳሳት ቍጥሮቹ በቦታቸው ስለሚኖሩ ትእዛዙ ሲታረም ፊደሉ ይመለሳል። ጽሑፉ የሚከማችበት የመረጃ ቋት ግን በላቲን ስሌት ተሠርቶ ከሆነና የግዕዝ ፊደል ቢገባበት፣ ቋቱ የማያውቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ሊተካው ይችላል። እንዲህ የሆነው አይመለስም፤ ምልክቱ ማየት የተሳነው ዐይን ሳይሆን የተፋቀ ብራና ነውና። ማይኤስኪውኤል የተባለው ቋት ራሱ ዩቲኤፍ 8ን መነሻው ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በስምንተኛው እትም ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ አሮጌ ቋት ይበልጥ ያሠጋል።

በገጹ ላይ የሚታየው የላቲን ዝብርቅ ነው ወይስ የጥያቄ ምልክት፤ አስቀድሞ ይህን መለየት ይገባል። ዝብርቅ ከሆነ ወደ ራስጌው ይሄዷል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ምንም ሳይነኩ ከቀደመው ቅጂ ይመልሷል፤ ቅጂ የሌለው ሰው ጽሑፉን እንደገና ይጽፈዋል።