መገልበጥ ሁሉ ስርቆት ነውን?

በጎንደር ከተማም ሆነ በደጋው በዳባትና በደባርቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው የቪዲዮ ጨዋታ፣ ፊልምና መዝሙር ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ የተገዛ ሳይሆን በፍላሽና በስልክ የተገለበጠ መሆኑ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱ «አባ፣ ጨዋታ ሳይከፍሉ መገልበጥ ኃጢአት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልሳለን? ይህ ጽሑፍ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት መልሱን በጋራ እንዲያዘጋጁ የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለይ። ኢሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም ኮምፒውተርን ወይም ስልክን እንደ ሌላ የጨዋታ ማሽን እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ለምሳሌ ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጥቶ በ2013 ምርቱ ተቋርጧል፤ ማሽኑ ሲበላሽ ጨዋታው አብሮት እንዳይጠፋ ኢሙሌተር ይረዳል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ከቀረቡት የቀድሞ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። በአንጻሩ የዩዙ ኢሙሌተር ሠሪዎች በሽያጭ ላይ ያሉ ጨዋታዎች እንዲሰረቁ መንገድ ከፍተዋል ተብለው በኒንቴንዶ ኩባንያ ተከሰው፣ በ2024 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። መሣሪያው አንድ ሲሆን አንዱ ለማቆየት፣ ሌላው ለመንጠቅ ይጠቀምበታል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍታችን የሚገኘው ግዝት መጽሐፉን የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ይመለከታል፤ የሚገለብጠውን አይነካም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ሲወስድ፣ ከመቅደላ ከተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። መጽሐፉ ሲወሰድ ቃሉ በአገር የሚቀረው በሌላ ደብር ግልባጭ ካለ ብቻ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ግልባጭ የቁም ጸሐፊውን ረጅም ድካም ይጠይቅ ነበር፤ አስጻፊውም ለድካሙ ዋጋ ይከፍል ነበር። ዛሬ ግልባጭ በደቂቃ ስለሚያልቅ ድካሙ ሁሉ በመጀመሪያው ሥራ ላይ ነው። ሳይከፈለው የሚቀረውም ደራሲው፣ ዘማሪውና ፕሮግራም ሠሪው ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ግለሰብ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ቢፈቅድም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከዚህ ለይቶታል፤ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ግን ቢጠፋበት ምትክ የሚሆን አንድ ቅጂ ሊያኖር ይችላል። የአዋጁ ጥበቃ በዋናነት ለኢትዮጵያውያን ሥራዎችና በኢትዮጵያ ለታተሙት የተዘረጋ ነው። ይሁን እንጂ ዳኛ በማይደርስበት ኅሊና ይደርሳል፤ የባሕር ማዶ ሠራተኛም ድካሙ ድካም ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ እንዲህ ልንለው እንችላለን፦ የገዛኸው እንዳይጠፋ መገልበጥ ስርቆት አይደለም። ባለቤቱ መሸጥ የተወውን አሮጌ ጨዋታ ማቆየት፣ ሕጉ ሁልጊዜ ባይፈቅደውም፣ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው። በሽያጭ ላይ ያለውን መገልበጥ ግን የሰው ዋጋ ማስቀረት ነው፤ ድህነት ጥፋቱን ሊያቀልለው ይችላል፣ ገልብጦ መሸጥ ግን ያከብደዋል።

ይህን ከመናገራችን በፊት ግን ቤታችንን እንመልከት። የደብሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር የተሰረቀ ፕሮግራም ይዞ፣ የዘማሪው መዝሙር ያለ ፈቃዱ ተገልብጦ ለሕንፃ ማሠሪያ እየተሸጠ ወጣቱን ብንገሥጽ ቃላችን ክብደት አይኖረውም። ያለ ክፍያ የሚሰጡ ሕጋዊ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዘማሪውንም ማስፈቀድ ይቻላል።

ለውይይት
1. በሰበካችን ካሉት ቅጂዎች ያለ ፈቃድ የተገኙት የትኞቹ ናቸው?
2. በዕቃ ቤታችን ካሉት ብራናዎች ግልባጭ ወይም ፎቶግራፍ የሌላቸው የትኞቹ ናቸው? ፎቶግራፉንስ ማን ይጠብቀዋል?
3. የዘማሪውን ድካም ሳንነጥቅ ለሕንፃው ገንዘብ የምናገኝበት መንገድ ምንድን ነው?