የሚሞት ኮከብ ጋዝ እንዴት ይለካል?

ክረምቱ አልፎ የመተማና የገንዳ ውሃ ሰማይ ሲጠራ፣ በጥቅምት ምሽት ወደ ሰሜን ምዕራብ ብታዩ ቬጋ የምትባል ደማቅ ኮከብ ታገኛላችሁ። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ፣ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ እንኳ የሚታይ ደብዛዛ ቀለበት አለ። የቀለበት ኔቡላ ይባላል፤ ርቀቱም 2,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ አርጅቶ የውጭ ጋዙን ሲተፋ፣ የቀረው እጅግ ሞቃት እምብርት ጋዙን ያበራዋል። ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚባለው ይህ ነው።

እዚያ ሄዶ ናሙና የሚቀዳ የለም። ያለን ብርሃኑ ብቻ ነው። ብርሃኑ በስፔክትሮግራፍ ሲዘረዘር የተነጣጠሉ ባለቀለም መስመሮች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም የራሱ መስመሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1864 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊሊያም ሃጊንስ በፕላኔታዊ ኔቡላ ብርሃን ውስጥ ከታወቀ ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥሙ አረንጓዴ መስመሮች አየ። አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተብሎም ታመነ። በ1927 የፊዚክስ ተመራማሪው አይራ ቦወን የመስመሮቹ ምንጭ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን መሆኑን አስረዳ።

ምን እንዳለ ማወቅ ግን ስንት እንዳለ ማወቅ አይደለም። በመተማ የሰሊጥ ናሙና ሲፈተሽ ባዕድ ነገሩ ከመቶ ስንት እንደሆነ እንደሚታይ፣ እዚህም የንጥረ ነገሩ ድርሻ ከሃይድሮጅን አንጻር ይሰላል። በፀሐይ ለምሳሌ ለ10,000 የሃይድሮጅን አቶሞች 5 ያህል የኦክስጅን አቶሞች አሉ።

ችግሩ የኦክስጅን መስመር ድምቀት በመጠኑ ብቻ አለመወሰኑ ነው፤ ጋዙ ትንሽ ሲሞቅ መስመሩ በብዙ ይደምቃል። ስለዚህ የጋዙ ሙቀት መታወቅ አለበት። ለዚህም መጀመሪያ በመንገድ ላይ ያለው አቧራ የቀነሰው ብርሃን ይታረማል። ቀጥሎ የኦክስጅን 436.3 እና 500.7 ናኖሜትር መስመሮች ይነጻጸራሉ፤ የመጀመሪያው ደካማ መስመር አንጻራዊ ድምቀት በጨመረ ቁጥር ጋዙ ሞቃት ነው። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ 10,000 ኬልቪን አካባቢ ነው። የጋዙን ጥግግት ደግሞ የሰልፈር ሁለት ቀይ መስመሮች ይናገራሉ። በመጨረሻም በመስመር ያልታዩ አየኖች (ኤሌክትሮን ያጡ አቶሞች) በስሌት ይደመራሉ።

ይህም ሆኖ ክርክሩ አላለቀም። ኤሌክትሮን ወደ አየን ሲመለስ ከሚፈጠሩት ደካማ መስመሮች የሚሰላው ኦክስጅን ከላይ በተገለጸው ዘዴ ከሚገኘው ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 እጥፍ፣ በአንዳንድ ኔቡላዎችም አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ የኔቡላን ኬሚስትሪ የሚገልጽ ቁጥር ስታነቡ፣ ከየትኞቹ መስመሮችና በምን ሙቀት እንደተሰላ ጠይቁ።