ለትንሽ ንግድ ድረ ገጽ ስንት ብር እንመድብ?



በመካከላችን ከትምህርቱ ጎን ለጎን የሚነግድ ብዙ ነው። ሒጃብ፣ ማር፣ ቴምር ወይም ያገለገለ መጽሐፍ በቴሌግራም የሚሸጥ አለ። ገበያው ትንሽ ሞቅ ሲል «ድረ ገጽ ላሠራ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ያኔ ሁላችንም የምንጠይቀው «ለማሠራት ስንት ነው?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ግን ጎዶሎ ነው። መጠየቅ ያለብን «ሠርቶ ሦስት ዓመት ለማቆየት ስንት ይፈጃል?» ብለን ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሒጃብ እንሸጥ በነበረበት ጊዜ ያጠራቀምነውን ሁሉ ከፍለን ድረ ገጽ አሠራን። ልክ ዓመት ሲሞላው ገጹ ጠፋ። ለካ ስሙም ኪራዩም በየዓመቱ ይታደሳል፤ የተመዘገበውም በሠሪው ስም ነው። ሠሪው ስልክ ማንሳት አቆመ። አድራሻችን የታተመባቸው ፌስታሎች እጃችን ላይ ቀሩ።

1. ወጪዎቹን መለየት

ድረ ገጽን እንደ ሱቅ እንየው።

ዶሜይን ወይም ስም፦ የሱቁ ታፔላ ነው። በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ ስም ብዙ ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዓመት በቅናሽ ተሰጥቶ እድሳቱ ሊወደድ ስለሚችል የእድሳቱን ዋጋ ጠይቁ። «ዶት ኢቲ» የተባለ የአገራችን መለያም አለ።

ሆስቲንግ፦ የሱቁ ኪራይ ነው። ካልተከፈለ ሱቁ ይዘጋል።

ሥራው፦ እንደ ዎርድፕረስ ያሉ ማሠሪያዎች በነፃ ይገኛሉ፤ የምንከፍለው ለባለሙያው ጊዜና ችሎታ ነው።

ፎቶና ጽሑፍ፦ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ደንበኛ የሚገዛው ያየውን ነውና።

ጥገና፦ ዋጋ መቀየር፣ ሶፍትዌር ማደስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ በየወሩ የሚሠራ ሥራ ነው።

የደኅንነት ሰርተፊኬትን በተመለከተ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል። ለብቻው ገንዘብ ስትጠየቁ ምክንያቱን ጠይቁ።

2. ስሌቱ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው፤ እናንተ በጠየቃችሁት ዋጋ ተኩ። አንዱን ዶላር በ150 ብር እንያዝ።

የአንድ ጊዜ ወጪ፦ ሥራው 30,000፣ ፎቶ 4,000፤ ድምር 34,000 ብር።
የየዓመቱ ወጪ፦ ስም 15 ዶላር ወይም 2,250፣ ሆስቲንግ 60 ዶላር ወይም 9,000፣ ጥገና በወር 500 ሒሳብ 6,000፤ ድምር 17,250 ብር።

የመጀመሪያው ዓመት 51,250 ብር ይሆናል። ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ስንጨምር 56,375 ይደርሳል። ቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከነመጠባበቂያቸው እያንዳንዳቸው 18,975 ብር ናቸው። የሦስቱ ዓመት ድምር 94,325 ብር ነው። ለ36 ወር ስናካፍለው በወር 2,620 ብር ገደማ ይመጣል።

«30 ሺህ ብር ነው» የተባለው ሥራ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ሒጃብ 100 ብር የምናተርፍ ከሆነ፣ ድረ ገጹ ራሱን ለመቻል አሁን ከምንሸጠው በላይ በየወሩ 27 ሒጃብ ማሸጥ አለበት። ውሳኔው የሚያርፈው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

3. የዶላር ነገር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 75 ዶላር የሚከፍል ነጋዴ 4,275 ብር የነበረው ወጪው ከ7,500 ብር በላይ ሆነበት፤ አገልግሎቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በዶላር የሚከፈለውን ለብቻው ጻፉ፤ የእድሳቱንም ገንዘብ ከወዲሁ በየወሩ አስቀምጡ። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎችንም አወዳድሩ።

4. ውልና ባለቤትነት

አብዛኛው ተማሪ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌለው ሠሪው በራሱ ካርድ ይከፍላል፤ በዚያው ስሙንም በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። የእኛም ችግር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህ በጽሑፍ ይስፈሩ፦ ስሙ በእናንተ ኢሜይል መመዝገቡ፣ የይለፍ ቃሎቹ ለእናንተ መሰጠታቸው፣ የእድሳቱ ቀንና ዋጋ፣ የጥገናው ስፋት። ክፍያውንም በሦስት ከፍላችሁ የመጨረሻውን ሥራውን ስትረከቡ ስጡ። የቀረው ክፍያ ዕዳ ነው፤ ዕዳን መጻፍ ደግሞ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 የታዘዝነው ነው። በወንድማማችነት ተማምኖ ውል መተው ወንድማማችነቱን ራሱን ያበላሻል።

5. ካልደረሰስ?

ስሌቱ ካልሞላ ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ስሙን ብቻ በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግባችሁ ወደ ቴሌግራም ቻናላችሁ እንዲመራ አድርጉ። ሽያጩ ሲያድግ ድረ ገጹ በዚያው ስም ይሠራል፤ ደንበኛውም አድራሻውን ለምዶት ይቆያል።

ለመልመጃ፦ ሁለት ሠሪዎችን ጠይቃችሁ የሦስት ዓመቱን ወጪ አስሉ። ከዚያም «በወር ስንት ተጨማሪ ዕቃ መሸጥ አለብኝ?» ለሚለው አንድ ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩን አይታችሁ ከደነገጣችሁ፣ ገንዘቡ ገና ኪሳችሁ ውስጥ እያለ መደንገጣችሁ ትርፍ ነው።