የጣዝማ ማርና የካንሰር ሕመምተኛ

ባለፈው ዓመት በአንድ የገጠር ደብር የንብ ማነብ ሥራ ለመገምገም በሄድሁበት ጊዜ፣ የሰበካ ጉባኤው አባላት ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የጣዝማ ማር በጠርሙስ አቀረቡልኝ። በጠርሙሱ ላይ «ለካንሰር» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። ገቢው ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማደሻ የታሰበ በመሆኑ የአባቶችን ቅንነት አልተጠራጠርሁም፤ ነገር ግን ጽሑፉ እንዲነሣ ለመንኋቸው። ምክንያቱን በዚያች አጭር ሰዓት በሚገባ ስላላስረዳሁ እነሆ በዚህ ትምህርት አቀርባለሁ።

ወሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። ንቦች ከዛፍ ቡቃያና ሙጫ ሰብስበው የጎጆአቸውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት ዝልግልግ ነገር አለ፤ ባለሙያዎች ፕሮፖሊስ ይሉታል። ጣዝማን የመሰሉት የማይናደፉ ንቦች ሙጫውን ከሰም ጋር ቀላቅለው የማር ማስቀመጫቸውን ይሠሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከፕሮፖሊስ ውስጥ ካፌይክ አሲድ ፌኔቲል ኤስተር የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ከጤነኛው ሕዋስ ይልቅ የካንሰሩን ሕዋስ አብልጦ እንደሚጎዳም ጻፉ። በብራዚሉ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ ውስጥ ደግሞ አርቴፒሊን ሲ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ተገኝቷል። ልዩነቱ የመጣው ንቦቹ ከሚቀስሙት ዕፅ ነው። ስለዚህ የአንዱ አገር ውጤት ለሌላው አገር ጎጆ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ከዱር የተገኘው ጎጆ ተከትክቶ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ይጣራል፤ አልኮሉም እንዲተን ይደረጋል። የቀረው ጭማቂ በተለያየ መጠን እየተበጠበጠ በብልቃጥ ውስጥ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ይጨመራል። ከዚያ ቢጫ ቀለም ይጨመርበታል፤ ሕያው ሕዋስ ቀለሙን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፣ የሞተው ግን አይለውጠውም። ከሕዋሳቱ ግማሹን ለማጥፋት የሚበቃው መጠን ይለካል። አልኮል ራሱ ሕዋስ ስለሚገድል፣ ጭማቂ የሌለበት አልኮል ብቻ የተጨመረበት ብልቃጥ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል፤ ጤነኛ ሕዋሳትም በዚያው ጭማቂ ይፈተናሉ። ይህ ሁለተኛው ፈተና ዋነኛው ነው። በረኪናም ቢሆን በብልቃጥ ውስጥ የካንሰርን ሕዋስ ይገድላልና።

በብልቃጥ የሠራ ነገር በሰው አካል ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ከላይ የጠቀስሁት የፕሮፖሊስ ንጥረ ነገር በአይጥ ደም ውስጥ ፈጥኖ እንደሚበታተን ታይቷል። ከእንስሳት ሙከራ በኋላም በሰው ላይ የደኅንነት፣ የመጠንና የፈዋሽነት ፈተናዎች በተራ ይቀጥላሉ። ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘበት ዛፍ ቅርፊት የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው በ1992 ነው፤ ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው።

በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ግን ሠላሳ ዓመት የላትም። በአገራችን ሴቶችን አብዝተው ከሚያጠቁት ካንሰሮች የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ግንባር ቀደሞቹ ናቸው፤ ሁለቱም በጊዜ ሲደረስባቸው ሊታከሙ ይችላሉ። ያቺ እናት ማሩን ተማምና ስድስት ወር ብትቆይ ጉዳቱ ከማሩ ሳይሆን ከመዘግየቱ ነው። ስለዚህ ምእመናን ወደ እናንተ ሲመጡ አስቀድማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳቸው። ሕክምና የጀመሩትም ማርም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪማቸው እንዲነግሩ ምከሯቸው፤ አንዳንዱ ከታዘዘው መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል። በፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ የተሰጠው ትምህርት ብዙ ነፍስ እንደ ታደገ ታስታውሳላችሁ።

ማሩ መሸጡ አይቅር፤ «የጣዝማ ማር» ተብሎና የመጣበት ቦታ ተጽፎበት ይሸጥ። ጎጆውን ቆፍሮ ማውጣት ግን መንጋውን ያጠፋል። ጣዝማን በቀፎ ስለ ማርባት በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ጥናት ስለ ተደረገ፣ ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር ተማክሮ መጀመር የሚፈልግ ሰበካ በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችን በኩል ሊጠይቀን ይችላል።