ቀና ካለች፣ ቀርበሻታል

በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ከካርሜል ከተማ ትንሽ ደቡብ አለፍ ብሎ ፖይንት ሎቦስ የሚባል ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ አለ። ሳን ሆዜ የሚኖሩት ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ባይኖኩላራቸውን አንጠልጥለው ወደዚያ ይመላለሳሉ። በኤፕሪል አንድ ጠዋት የእህታቸውን ልጅ አስከትለው ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመዋል።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ ይሄ የውሻ ጩኸት ከየት ነው የሚመጣው? መግቢያው ላይ ውሻ ክልክል ነው ይል የለም እንዴ?

ጋሼ፦ ውሻማ አይገባም። እነዚያ ማዶ ዓለቱ ላይ የተኮለኮሉት የባሕር አንበሶች ናቸው የሚጮኹት። ሌሊትም አያርፉም።

ልጅቷ፦ ታች አሸዋው ላይ የተጋደሙትስ? እነሱ ድምፃቸውም አይሰማ።

ጋሼ፦ እነሱ ሃርበር ሲሎች ናቸው፤ ዝምተኞች። የእንስሳት መለያ መጽሐፍ ጆሯቸውን እዪ ይላል፤ የባሕር አንበሳ ትንሽ ጆሮ ብቅ ትልለታለች፣ ሲል ግን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ከዚህ ርቀት ማን ጆሮ ያያል? አንቺ አካሄዳቸውን እዪ። የባሕር አንበሳ የኋላ እግሩን ወደ ፊት አጥፎ በአራቱም ይራመዳል፣ ዓለት ይወጣል። ሲል በሆዱ ነው የሚንፏቀቀው። ውኃ ውስጥም ቢሆን አንዱ በፊት እግሩ ይቀዝፋል፣ ሌላው በኋላው ይገፋል።

ልጅቷ፦ ያቺ ራሷንም ጅራቷንም ሽቅብ የቀሰረችው ምን ሆና ነው? አሟት ይሆን?

ጋሼ፦ ምንም አልሆነች። ማዕበሉ ሥሯ እየገባ ነው። ገላዋ በስብ የተሸፈነ ነው፤ እግሯና ራሷ ላይ ግን ስቡ ሳሳ ስለሚል እንዳይበርዳት ከውኃው ታወጣቸዋለች።

ልጅቷ፦ አጠገቧ ግልገል አለ! ወርጄ በስልኬ ላንሳው?

ጋሼ፦ አይሆንም። ወቅቱ የመውለጃቸው ነው፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ባሕር ዳርቻ የሚዘጋው። ደንቡ ቢያንስ 50 ያርድ ራቁ ይላል፣ ወደ 45 ሜትር ማለት ነው። እኔ ግን ሜትር አልቆጥርም። ሲሏን ነው የማያት። ራሷን ቀና አድርጋ ወደ አንቺ ካየች በጣም ቀርበሻታል፤ ወደ ኋላ ተመለሺ። ዝም ብለሽ ከቀጠልሽ ሁሉም ተያይዘው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ግልገሉ የሚጠባው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ የተቋረጠበትን ጡት ማን ይመልስለታል?

ልጅቷ፦ ብቻውን ተጥሎ ባገኘውስ?

ጋሼ፦ አልተጣለም፤ እናቱ ዓሣ ልታድን ገብታ ነው። ሰዉ ያሳዝነውና አንሥቶ ይወስደዋል፣ ያን ጊዜ ነው እውነተኛ የሙት ልጅ የሚሆነው። በጣም ካሳሰበሽ ርቀሽ ቆመሽ ለጠባቂዎቹ ንገሪ።

ልጅቷ፦ ኦተር የሚሉትን ፀጉራም የባሕር እንስሳ ግን እስካሁን አላሳዩኝም።

ጋሼ፦ ባይኖኩላሩን ያዢ። ያ ቡናማ የባሕር አረም፣ ኬልፕ የሚሉት፣ ውኃው ላይ የተንሳፈፈበትን ቀስ ብለሽ ቃኚ። በጀርባው የተኛ ይታይሻል?

ልጅቷ፦ አገኘሁት! ደረቱ ላይ ድንጋይ አስቀምጧል... ዛጎሉን እየቀጠቀጠበት ነው!

ጋሼ፦ ድንጋዩን ብብቱ ሥር ባለች የቆዳ ኪስ ይዞት ይዞራል። አሁን ይገለበጣል፣ ጠብቂ... አየሽ? ፍርፋሪው ታጠበ። ንጽሕናው የቅንጦት እንዳይመስልሽ። ሲልና የባሕር አንበሳ ስብ አላቸው፤ ኦተር የለውም። የሚያሞቀው ፀጉሩ ውስጥ የታመቀው አየር ነው፤ ፀጉሩ ከቆሸሸ ውኃው እስከ ቆዳው ይዘልቃል። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ100 ሺህ በላይ ፀጉር አለው፤ የአንድ ሰው ሙሉ ራስ ላይ ያለውን ያህል። እንዲያም ሆኖ በየቀኑ የክብደቱን ሩብ ያህል ካልበላ ብርዱን አይችለውም።

ልጅቷ፦ ያን ያህል!

ጋሼ፦ ያን ያህል። እንግዲህ በታንኳ የሚጠጉትን አስቢ። ለኛ አንድ ፎቶ ነው፤ እሱ ግን እንቅልፉን ትቶ ሲጠልቅ ያወጣውን ጉልበት እንደገና አድኖ ነው የሚተካው። የባሕር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቀው የ1972ቱ የአሜሪካ ሕግ መንካት ብቻ ሳይሆን ከሚሠራው ማስተጓጎልንም የከለከለው ለዚህ ይመስለኛል።

ልጅቷ፦ እንዲህ ያለ ፀጉር ይዞ አዳኝ እንዴት ተወው?

ጋሼ፦ አልተወውም። ለፀጉሩ ሲሉ ጨረሱት። በ1911 አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ጃፓንና ብሪታንያ አደኑን የሚገታ ውል ሲፈራረሙ እዚህ ጠረፍ ላይ ጨርሶ የጠፋ ነበር የሚመስለው። በ1938 ግን ከዚህ ደቡብ፣ ቢክስቢ ክሪክ ባሕር የሚገባበት ላይ አንድ መንጋ ታየ። ዛሬ በካሊፎርኒያ ያሉት ሦስት ሺህ ገደማ የእነዚያ የጥቂቶቹ ዘሮች ናቸው። ኬልፑም ውለታ አለበት፤ ኦተር የባሕር ጃርት ይበላል፣ የባሕር ጃርት ደግሞ ከበዛ ኬልፑን ከሥሩ ይጨርሰዋል።

ልጅቷ፦ እኔ አሁን ትልልቆቹን፣ ኩምቢ ያላቸውን ሲሎች ማየት አማረኝ።

ጋሼ፦ የዝሆን ሲሎችን ነው? እነሱ ወደ ሰሜን፣ አኞ ኑዌቮ ነው ያሉት፤ ደግሞም በክረምት ይሻላል። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ከአስጎብኚ ጋር ካልሆነ አያስገቡም፤ ቦታ ቀድመሽ ያዢ።