አነስተኛ ባለአክሲዮንና የኩባንያ አስተዳደር

ጥያቄ፦ በአንድ ባንክ ጥቂት አክሲዮኖች አሉኝ። የኩባንያ አስተዳደር የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ የሚያዝበት ግን ሌላ ሰው ነው። የኩባንያ አስተዳደር ያስፈለገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በብሪታኒያ የወጣው የካድበሪ ሪፖርት፣ ኩባንያዎች የሚመሩበትና ቁጥጥር የሚደረግባቸው ሥርዓት ሲል ይገልጸዋል። ምሰሶዎቹ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ፍትሐዊነትና ኃላፊነት ናቸው።

ኩባንያ ለማን ጥቅም ይመራ በሚለው ላይ ዋነኞቹ አመለካከቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ቦርዱ ከሁሉ በፊት ለባለአክሲዮኖች ጥቅም ይቁም ይላል፤ ሌላው ሠራተኛው፣ ደንበኛውና ማኅበረሰቡም ይታሰቡ ይላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አስቀማጮቹን የበደለ ባንክ ውሎ አድሮ ባለአክሲዮኖቹንም ይጎዳል።

ባንኩ በአግባቡ እንዲመራ የእርስዎም ድርሻ አለበት፤ ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አይቅሩ። የኦዲት ሪፖርቱን አስቀድመው ያንብቡ፤ ያልገባዎትን በግልጽ ይጠይቁ። የቦርድ አባላትን የሚመርጠውም የሚሽረውም የባለአክሲዮኖች ድምፅ ነውና ድምፅዎን ይጠቀሙበት።